የድሮ ካሴት ኖይዝ ማጥራት ለምን ይንቀራፈፋል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ የሰርግ፣ የክርስትናና የጥምቀት ቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡ ብዙ ጠይቃችሁኛል። አብዛኛው ጥያቄ ኖይዙን፣ ማለትም ምስሉ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚለውን ነጠብጣብ፣ ስለማጥራት ፍጥነት ነው።

ከማራኪ፦ አንድ የሰርግ ካሴት ለማጥራት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅብኛል። ፒሲዬ ደካማ ይሆን?

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እይ። የፓል (የድሮው የቴሌቪዥን ሥርዓት) ምስል 720 በ576 ፒክስል ነው። ወደ 1920 በ1080 ካሳደግከው በኋላ የምታጣራ ከሆነ ፊልተሩ (ኖይዙን የሚያጠራው መሣሪያ) 5 እጥፍ ፒክስል ይጠብቀዋል። ትርፉ ግን የለም፤ ቪኤችኤስ ካሴት ላይ ያን ያህል ዝርዝር አልተቀዳም። አጣርተህ ጨርስና ከዚያ አሳድግ።

ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ላይ ኤንኤልሚንስ የሚባለው ፊልተር ያጠራል፤ ግን አይንቀሳቀስም። ምን ላድርግ?

ይሄ ፊልተር እያንዳንዱን ፒክስል 15 በ15 ከሆነ አካባቢ ጋር ያነጻጽራል። 225 ቦታ ማለት ነው። ፍለጋውን ወደ 9 አውርደው፤ 81 ይቀራል። እኔ ግን ለቤተሰብ ካሴት ኤችኪውዲኤን3ዲ የሚባለውን ፊልተር እመርጣለሁ። በጣም ፈጣን ነው። ካለፈው ፍሬም (ነጠላ ምስል) ጋር ስለሚያስተያይ፣ ብቅ ጥልቅ የሚለውን የካሴት ኖይዝ ደህና አድርጎ ይይዘዋል። ኢንተርሌሱን (አንድ ፍሬም ውስጥ የተፈራረቁትን መስመሮች) ግን ቀድመህ ፍታ፤ አለዚያ በሁለት የተለያየ ቅጽበት የተቀረጹ መስመሮች ይደባለቃሉ።

የፋሲል መዋኛ የጥምቀት ቅጂ አለኝ። ካጣራሁት በኋላ ውሃው ጭቃ መሰለ።

ፊልተሩ አልተሳሳተም እህቴ። የሚረጭ ውሃ ከፍሬም ፍሬም ይለዋወጣል፤ ኖይዝም እንደዚያው። የሚለይበት መንገድ የለውም። እስክስታ ላይም ትከሻው ጥላ ይጎትታል። ስለዚህ ፊልተሩ ፍሬምን ከፍሬም የሚያስተያይበትን ጥንካሬ ቀንሺ። ሙከራሽንም ጸጥ ያለ ቦታ ላይ አታድርጊው። ውሃው ሲረጭ ያለውን 30 ሰከንድ ቆርጠሽ እሱ ላይ ሞክሪ። እዚያ ካለፈ ሌላው ቀላል ነው። ሙሉውን ካሴት ደጋግሞ ከማስኬድም ትድኛለሽ።

ከአዘዞ፦ መብራት እየጠፋ ሥራዬ ከዜሮ ይጀምራል።

ጋሼ፣ ቅጂውን 10፣ 10 ደቂቃ አድርገው ይቁረጡት። መብራት ቢሄድ የሚበላሸው በሥራ ላይ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። ፊልተሩ የፕሮሰሰሩን ኮሮች (ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎቹን) ሁሉ የማይጠቀም ከሆነ ሁለት ሦስቱን ቁራጭ ባንዴ ያስኪዱ፤ ጊዜው በደንብ ያጥራል። ውጤቱን በኤምኬቪ የፋይል ዓይነት ያስቀምጡ። ኤምፒ4 መሃል ላይ ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም።

ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?

ብርህን ከማውጣትህ በፊት ፊልተሩን አጥፍተህ 1 ደቂቃ አስኪድ። ጊዜው ብዙም ካልቀነሰ የሚያዘገይህ ኢንኮዲንጉ (ቪዲዮውን ጨምቆ ማስቀመጡ) ነው፤ ፈጠን ያለ ፕሪሴት (ዝግጁ ቅንብር) ምረጥ። ከቀነሰ ደግሞ የምትጠቀምበት ፊልተር በግራፊክስ ካርድ መሥራቱን አረጋግጥ፤ ሁሉም አይሠራም። የዴኩን (የካሴት ማጫወቻውን) ሄድ አስጠርገህ ትራኪንጉን (ሄዱ የካሴቱን መስመር የሚከተልበትን) ማስተካከልም አትርሳ። ንጹህ ቅጂ ቀላል ፊልተር ይበቃዋል።

ካጣራሁ በኋላ ዋናውን ፋይል ላጥፋው?

በፍጹም። ካሴቱ በየዓመቱ ይደክማል፤ የተሻለ ፊልተር ደግሞ ይመጣል።