«ታክሲው ትቶኝ ሄደ፤ ታዲያ ምን ብዬ ላመስግን?»

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን፣ ባለፈው ጥር አንድ ቀን ሳይታሰብ ንጋት ላይ ስለመጣ ጀሪካኖቹን ሳልሞላ መውጣት አልቻልሁም። በዚህም ምክንያት ዘወትር የምሳፈርበት ሚኒባስ ትቶኝ ሄደ። ሚኒባሱ ትርፍ ሰው ጭኖ ወደ ቃሊቲ ሲጓዝ ተገልብጦ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ እናት አንድ ልጃቸውን አጡ። ዘመዶቼ «እግዚአብሔር ውሃውን የላከው አንቺን ሊያተርፍ ነው» እያሉ ጠበል ጠዲቅ እንዳዘጋጅ ይመክሩኛል። እኔ ግን እኚያን እናት ደረጃው ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ምስጋናው አፌ ላይ ይደርቃል። አጎቴ ደግሞ «እንዲህ የሚጠብቅሽ አምላክ እያለ ለዕቁብና ለቁጠባ ምን አስጨነቀሽ?» ይሉኛል። በልጅነቴ ጎንደር ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት የቤተ እስራኤል እናት፣ በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ ለትንሹም ለትልቁም ፈጣሪን ሲያመሰግኑ እሰማ ነበር። የልዩ ልዩ ሃይማኖቶችን ትምህርት ስታስነብቡን ስለቆያችሁ፣ የአይሁድ መምህራን በዚህ ነገር ላይ ምን እንደሚሉ ብትገልጹልኝ።
አንዲት አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎትን የሚመስል ታሪክ የጥንት የአይሁድ መምህራን ትምህርት በተሰበሰበበት በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ሰዎች ለንግድ ሲወጡ አንደኛውን እሾህ ይወጋውና ከመንገዱ ይቀራል፤ በዕድሉ ተማርሮም የስድብ ቃል ይናገራል። ከቀናት በኋላ የባልንጀራው መርከብ መስጠሟን ሲሰማ ግን ማመስገን ይጀምራል። በዚሁ ስፍራ «ተአምር የተደረገለት ሰው እንኳ ተአምሩን አያውቀውም» የሚል የራቢ (የመምህር) አልዓዛር ቃል ሰፍሯል። ዘመዶችዎ ይህን ቢያነቡ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ መርከቧ ላይ የነበረው ሰው ነው፤ ተራኪው ስለ እርሱ አንዲት ቃል አልጨመረም። እሾህ የወጋው ሰው ስለ ራሱ እግር የሚያስበው ነገር ተለወጠ እንጂ፣ ባልንጀራው ስለምን እንደሰጠመ ታሪኩ አልነገረንም፤ ዘመዶችዎ ያለፉት ድንበርም ይኸው ይመስለኛል።

አይሁድ ከአደጋ የተረፈ ሰው በጉባኤ ፊት የሚያደርሰው ልዩ ምስጋና አላቸው። ታልሙዱ ይህን ምስጋና የሚያዝዘው ባሕር ለተሻገረ፣ ምድረ በዳ ላቋረጠ፣ ከሕመም ለተፈወሰና ከእስር ለተፈታ ሰው ነው። በምስጋናው ውስጥ ሰውየው ፈጣሪን «ለባለዕዳዎች በጎ የሚያደርግ» ይለዋል፤ ባለዕዳው ራሱ ነው። ጻድቅ በመሆኔ ተረፍሁ፣ ከሌላው ተመረጥሁ አይልም፤ የማይገባኝን በጎ ነገር ተቀበልሁ ይላል እንጂ። እርስዎ ሚኒባሱ ውስጥ ስላልነበሩ ከእነዚህ ከአራቱ እንደ አንዱ ሊቆጠሩ አይችሉም፤ ስለዚህ በአደባባይ ለማመስገን ልብዎ ማመንታቱ እምነት ማጣት አይደለም።

ስለ ጎረቤትዎ ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ሐዘንተኛው ራሱ እስኪናገር ድረስ ቃል እንዳይተነፍሱ ታልሙዱ ያዝዛል፤ ይህም የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ ከመቀመጣቸው የተወሰደ ነው። እነዚያው ወዳጆች አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ማለታቸውን ግን መምህራኑ ሰውን በቃል ከመበደል ይቆጥሩታል፤ ልጁ ለሞተበት ሰው እንዲህ ያለ ንግግር መናገርንም ይከለክላሉ። «ውሃውን የላከው ለአንቺ ነው» የሚለው አባባል በእኚያ እናት ጆሮ ምን ተብሎ እንደሚሰማ ያስቡት።

ታዲያ ምስጋናው ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ታልሙዱ ስለ ራቢ ሐኒና ቤን ዶሳ ሲተርክ፣ በሰንበት ዋዜማ ምሽት ልጃቸው በዘይት ፈንታ ሆምጣጤ መብራቱ ውስጥ ጨምራ ብታዝን፣ «ዘይት እንዲነድ ያዘዘ ሆምጣጤም እንዲነድ ያዝዛል» አሏት ይላል። ብዙ ሰው የሚደነቀው በሆምጣጤው ነው፤ በአባባሉ ውስጥ ግን የዘይቱም መንደድ በትእዛዝ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1194 የተወለዱት በስፔን የጂሮና ከተማ የአይሁድ ሊቅ ናሕማኒደስ፣ የኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 13 ሲተረጉሙ፣ ሰው ከታላላቆቹ ተአምራት ተነሥቶ የተሰወሩትን ተአምራት ወደ ማወቅ እንደሚደርስ ጽፈዋል። እርሳቸው ይህን ከዋጋና ከቅጣት ትምህርት ጋር ያያይዙታል፤ እኔ ያን ክፍል ይዤ የጎረቤትዎን በር አላንኳኳም። በ1204 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሐኪምና የአይሁድ ሊቅ ማይሞኒደስ ደግሞ ዓለም በሥርዓቷ እንደምትሄድና ተአምራቱም በፍጥረት ጊዜ በነገሮች ባሕርይ ውስጥ እንደተቀመጡ ያስተምራሉ። ሁለቱ ባይስማሙም፣ አይሁድ በየቀኑ ሦስት ጊዜ በሚያደርሱት ጸሎት ውስጥ «በየዕለቱ ከእኛ ጋር ስላሉት ተአምራትህ» የሚል ምስጋና አለ። ይህ ጸሎት ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው፣ ምስጋናውን ከሌላ ሰው ሞት ጋር ስለማያነጻጽረው ነው። ውሃው ሚኒባሱ በተገለበጠበት ንጋት ብቻ ሳይሆን ምንም ባልተፈጠረበት ንጋትም ሲመጣ ያመሰገኑ እንደሆነ፣ በምስጋናዎ ውስጥ የጎረቤትዎ ልጅ ስም አይነሣም። በልጅነትዎ የሰሙትም ይህንኑ የሚመስል ይሆናል፤ ምንም እንኳ ቤተ እስራኤል ታልሙድ ሳይደርሳቸው በኦሪትና በቄሶቻቸው ትምህርት የኖሩ ቢሆኑም፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ሲበርሩ ይዘውት የሄዱት የዕለት ምስጋና ነበራቸው።

ወደ አጎትዎ ነገር ስንመለስ፣ በዕብራይስጥ እምነት «ኤሙና» ይባላል፤ ከእኛው «አመነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በፈጣሪ መታመን ደግሞ «ቢታኾን» ይባላል። በ11ኛው መቶ ዓመት በስፔን የኖሩት ባሕያ ኢብን ፓቁዳ የሚታመን ሰው ሥራውን መተው እንደማይገባው ጽፈዋል። በ1953 እ.ኤ.አ. ያረፉት ራቢ አቭራሃም ካሬሊትዝ ከዚህ አልፈው፣ መታመን ማለት ነገሩ በመልካም እንደሚያልቅ ማወቅ ነው የሚለውን ሐሳብ ስሕተት ይሉታል፤ በእርሳቸው ዘንድ መታመን ማለት ምንም ነገር በአጋጣሚ እንደማይሆን ማመን ነው። እስራኤል በምድረ በዳ የተመገቡት መናም ቢሆን፣ ለነገ የተቀመጠው ተልቶ ሳለ፣ ለሰንበት ግን በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲለቀም የታዘዘው በዚያው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ነው። ስለዚህ ዕቁብዎን መጣልዎን ይቀጥሉ። ታልሙዱ በተጨማሪ፣ ሰው «ተአምር ይደረግልኛል» ብሎ በአደጋ ስፍራ እንዳይቆም ያስጠነቅቃል፤ ላይደረግለት ይችላልና። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትርፍ ሲጭን ካዩ፣ የሚቀጥለውን ሚኒባስ ይጠብቁ።