መልስ፦ አምስቱን የቺንኩዌ ቴሬ መንደሮች በአንድ ቀን?

ከእናትዎ ጋር የግል አስጎብኚ ይዛችሁ በጣሊያን የባሕር ዳርቻ ያሉትን አምስቱንም የቺንኩዌ ቴሬ መንደሮች በአንድ ቀን በእግር ትጨርሱ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይሞክሩት። አንዱን መንገድ በእግር ሄዳችሁ ሌላውን በባቡር አዳርሱት፤ ከጣቢያ ጣቢያ የደቂቃዎች ጉዞ ነው።

ከሁሉም የሚያምረው ከሞንቴሮሶ መንደር እስከ ቬርናፃ መንደር ያለው የእግር መንገድ ነው። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ምክንያቱም ገና ከመነሻው ከፍታቸው እኩል ያልሆነ የድንጋይ ደረጃዎች ይጀምራሉ፤ መንገዱም በየቦታው ስለሚጠብ ከፊት የሚመጣውን ቆሞ ማሳለፍ ግድ ነው። በማለዳ ተነሱ። ቬርናፃ ስትደርሱ ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ለእናትዎ ምርኩዝ ይያዙ። ወደቡና ግንቡ ከላይ የሚታዩት ግን እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። ኮርኒሊያ ከጣቢያው እስከ መንደሩ 380 ያህል ደረጃ ስላላት በአውቶቡስ ውጡ።

ነጠላ ጫማ በእግር መንገዱ ላይ ያስቀጣል። የመንገዱ መግቢያ ካርድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባቡርን የሚያካትተውን ምረጡ፣ በአስጎብኚው ሂሳብ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጡ። ከባድ ዝናብ ሲጠበቅ መንገዱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ያን ቀን በምን እንደሚተካ፣ ገንዘቡስ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።