ፕሮጀክቱ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ያዋጣል?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ በሚገኝ የእርዳታ እህል መጋዘን ለአራት ዓመታት በስቶር ኪፐርነት ማገልገልሽን፣ የለጋሾች ገንዘብ በመቋረጡ ድርጅቱ ውልሽን እንዳላደሰው፣ ኃላፊሽም «በጀት ሲለቀቅ እንጠራሻለን» ስላሉሽ ሰባት ወር ሙሉ ደሴ ከወላጆችሽ ቤት ተቀምጠሽ መጠበቅሽን ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽም ጥሪውን ልጠብቅ ወይስ በሰብዓዊ እርዳታ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር የሚል ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ከሥራ የወጣሽው በራስሽ ድክመት እንዳልሆነ እንድታምኚ እፈልጋለሁ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት ካገደ በኋላ የእርዳታ ተቋሙን የዩኤስኤአይዲን አብዛኛዎቹን ፕሮግራሞች ሰርዟል፤ ተቋሙም ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ራሱን ችሎ መሥራቱ አብቅቷል። ብሪታንያም ለውጭ እርዳታ የምትመድበውን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ እስከ 2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታውቃለች። እዚሁ አገራችን የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኤፕሪል 2025 በምግብ እጥረት ለተጎዱ 650 ሺህ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና በገንዘብ እጦት ለማቆም ተገዷል። ቀድሞ አንዱ ለጋሽ ሲቀንስ ሌላው ይተካ ነበር፤ አሁን ግን የቀነሱት ብዙዎች፣ የቀነሱትም በአንድ ጊዜ በመሆኑ ክፍተቱ ቶሎ ይሞላል ብዬ አላምንም። ኃላፊሽ ዋሹሽ አልልም፤ እርሳቸውም ተስፋ ያደረጉትን ነው የነገሩሽ። ይሁን እንጂ በዚህ ተስፋ ላይ ስምንተኛ ወር እንዳትጨምሪበት እመክርሻለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪውንም ለጊዜው አቆዪው። የሚያደርስሽ ወደዚያው በር ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ከአንቺ እጥፍ የሥራ ልምድ ያላቸው፣ እንደ አንቺው ውላቸው የተቋረጠ ሰዎች ተሰልፈዋል።

አሁን ወደ ሲቪሽ ልምጣ። «ለተጠቃሚው ማኅበረሰብ የሰብዓዊ ድጋፍ አገልግሎት በመስጠት ሠርቻለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። የዱቄት ፋብሪካ የንብረት ክፍል ኃላፊ ይህን ሲያነብ ምን መሥራት እንደምትችዪ አያውቅም። በደብዳቤሽ መሐል ግን እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው ሌላ ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ ክክና 0.45 ኪሎ ዘይት እያሰላሽ የየቀበሌውን ጭነት ታዘጋጂ እንደነበር፣ የተቀደደ ጆንያ ሲገባ አስመዝነሽ ትረከቢ እንደነበር፣ አንድ ጊዜም ቢን ካርዱ (የእቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) እና ቆጠራው በሦስት ኩንታል ሲለያዩ እስኪመሽ ሰነድ ስታገላብጪ ቆይተሽ አንድ ዌይቢል (የጭነት ማጓጓዣ ሰነድ) ሁለት ጊዜ መመዝገቡን እንዳገኘሽ ጽፈሻል። ሙያሽ ይኸው ነው! በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የኮምቦልቻ የእርዳታ መጋዘኖች ሲዘረፉ ያየ ሰው፣ የእያንዳንዱን ኩንታል መግቢያና መውጫ የሚጠብቅ እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም። እነዚህን ሦስት ነገሮች በዚሁ ቋንቋ በሲቪሽ መጀመሪያ ላይ አስፍሪያቸው።

ከዚያም እዚያው ኮምቦልቻ በደረቅ ወደቡ፣ በዱቄትና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ፣ በቢራ ፋብሪካውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ በአካል እየሄድሽ ጠይቂ። ፓርኩ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ከታገደችበት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለተጎዳ በርትቶ የሚሠራው የትኛው ሼድ (የማምረቻ አዳራሽ) እንደሆነ አስቀድመሽ አጣሪ። ደመወዙ በድርጅት ከለመድሽው ማነሱ አይቀርም፤ ይህን ቤተሰቦችሽም ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል።

ሳይዘገይ መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪሽ የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጥሽ ይገባል። ቅርንጫፉ ተዘግቶ ፋይሉ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ በኋላ ፈራሚ መፈለግ አድካሚ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ተቀበዪ።

ሌላ ሥራ መያዝ በመጠለያ ያሉትን ተፈናቃዮች መክዳት መስሎ እንደሚሰማሽም ጽፈሻል። ስሜትሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ቤት በመቀመጥሽ ለእነርሱ የሚደርስ አንድ ኪሎ እህል የለም። ጥሪው አንድ ቀን ከመጣም ሥራ ላይ ያለች፣ ልምዷን ያዳበረች ሴት ሆነሽ ትሄጃለሽ። ሲቪውን አስተካክለሽ ለማንም ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፤ የሦስቱ ኩንታል ጉዳይ ግን እንዳይቀር።