የክራንክ ፑሊህን አታስበይደው

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር፣ ሞተርህ ምንም አልሆነም። ጥያቄህን ለሌሎቹም ባጭሩ ልድገመው። ከኮምቦልቻ ደሴ የምትመላለስበት ቪትዝ ነው፣ ሞተሩ ዋን ኤንዜድ 1500፣ ማንዋል። ጠዋት ስታስነሳው ያፏጫል፣ ቺንጋ ሁለቴ ቀየርክ፣ ሐረጎን ስትወጣ የባትሪ መብራቷ ብልጭ ትላለች ሙቀቱም ከፍ ይላል፣ መካኒክህ ደግሞ የክራንኩ ፑሊ (ከሞተሩ ጎን ቺንጋውን የሚያዞረው ክብ ብረት) ይወዛወዛል በብየዳ ላያይዝልህ አለህ። ላስበይደው ወይ ነው ያልከኝ። አታስበይደው።

ያ ፑሊ ስታየው አንድ ወጥ ብረት ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ መሀሉ ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ የሚታሰረው አለ፣ ዙሪያውን ቺንጋው የሚሄድበት ቀለበት አለ፣ በሁለቱ መሀል ስስ ጎማ ተጨምቆ ገብቷል። ጎማው ሲያረጅ ወይ ዘይት ሲጠጣ ይላቀቅና መሀሉ ሲዞር ቀለበቱ ይንሸራተታል። አንተ ቺንጋ ትቀይራለህ፣ እሱ መብላቱን አይተውም። በዚህ ሞተር ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ስለሆነ ነው መብራቷና ሙቀቱ ተያይዘው የመጡብህ።

ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ራስህ አረጋግጥ። ከባለቤትህ የጥፍር ቀለም ተበደር፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከመሀሉ ብረት ጀምረህ ጎማውን አቋርጠህ እስከ ቀለበቱ ድረስ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አስምር። ከተማ ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር በልበትና አጥፍተህ እያት። መስመሯ ጎማው ላይ ተቆርጣ ግማሿ ሌላ ቦታ ከሄደች አለቀ፣ ፑሊው ነው። መስመሯ ቀጥ እንዳለች ሆና ፑሊው ሲዞር ከጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ወይ ጎማው ወይ ብሎኑ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ፑሊውን ተወውና የዲናሞውን ኩሽኔታ ስማ።

ብየዳውን እምቢ የምለው ጎማው ለጌጥ ስላልገባ ነው። ሞተሩ ውስጥ ነዳጁ በተቃጠለ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ፣ ብረት ቢሆንም፣ በትንሹ ይጠማዘዝና ይመለሳል፣ ያንን ንዝረት የሚውጠው ጎማውና ቀለበቱ ነው። ስትበይደው ንዝረቱን መልሰህ ለክራንኩ ሰጠኸው። ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ ስለሚል ሰው ይወደዋል፣ ግን የብየዳው ሙቀት ቀለበቱን ያጣምመዋል፣ ክራንኩም ውሎ አድሮ ይጎዳል። አሮጌ ፑሊ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምታስመጣ ከሆነ ደግሞ ጎማውን በጥፍርህ ጫን እያደረግክ እየው፣ ከተሰነጣጠቀ ወይ ወደ ውጭ ካበጠ ያንኑ በሽታ በብር ገዛህ ማለት ነው።

አወላለቁ እንዲህ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ የቀኙን ፊት ጎማ አንሳ (በክሪክ ብቻ እንዳታምነው፣ ጠንካራ መደገፊያ አስገባ)፣ ጎማውንና የጎኑን ፕላስቲክ ፍታ፣ የዲናሞውን ብሎኖች አላልተህ ቺንጋውን አውጣ። አምስተኛ ማርሽ አስገብተህ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ፣ ከዛ ብሎኑን፣ 19 ቁልፍ ነው፣ ረዥም ቱቦ ጨምረህበት ወደ ግራ ፍታ። ቁልፉን መሬት ላይ አስደግፎ በሞተሪኖ (ሞተሩን በሚያስነሳው) ማስፈታት የሚባል ነገር አለ፣ ሲሳካ ያስቃል ሲስት ግን ቁልፉ ተወርውሮ እጅ ይሰብራል፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ አይደረግም።

ብሎኑ ከወጣ በኋላ ፑሊው እምቢ ይልሃል፣ ዋናው ጥፋት እዚህ ጋ ነው የሚሰራው። ስጀምር የሰው መኪና ላይ በመዶሻ ዳር ዳሩን እየመታሁ አወጣሁ ብዬ ቀለበቱን አጣምሜ ከኪሴ ከፍያለሁ። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ፑለሩን (የፑሊ መንቀያውን) እነሱ ላይ በብሎን እሰርና መሀሉን ግፋ፣ ቀለበቱን ይዘህ ከጎተትክ ጎማውን ትቀደዋለህ።

ፑሊው ሲወጣ የፊቱን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ቀለበት) አብረህ ቀይር፣ ርካሽ ነው፣ አሮጌው ካፈሰሰ አዲሱ ጎማም ዘይት ይጠጣል። የምትጭነው አሮጌ ፑሊ ከሆነ ኦይል ሲሉ የሚነካውን አንገቱን በጥፍርህ ዳሰው፣ ጥፍርህ የሚይዘው ቦይ ካለ አዲስ ኦይል ሲልም ያፈሳል። ሲመለስ የኦይል ሲሉን ከንፈር ትንሽ ዘይት ቀባ፣ ክራንኩ ላይ ያለችውን ትንሿን ብረት ከፑሊው ቦይ ጋር አገጣጥም፣ በእጅህ ግፋው፣ በመዶሻ አትምታ። ብሎኑ 128 ኒውተን ሜትር ነው፣ ማለትም አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 13 ኪሎ ያህል ጭነት፣ ቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን የሚለካ ቁልፍ) ከሌለህ ተከራይ ወይ ተበደር። ላልቶ የቀረ እንደሆነ ፑሊው እየተንቀጠቀጠ ያቺን ብረት ይበላታል፣ ቀጥሎ የክራንኩን ቦይ፣ ያኔ ነው የምር የምታለቅሰው።

አስነሳውና ከጎን ሆነህ እየው፣ ቀለበቱ ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ደሴ ሁለት ሶስቴ ከተመላለስክ በኋላ አንዴ አጥብቀው። ሐረጎ ላይ መብራቷ ያኔም ከበራች ዲናሞውን አስፈትሽ፣ የጥፍር ቀለሟንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ እስቲ።