መልስ፦ ማታ ድሮን ማብረር ይቻላል ወይ?
ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ሆነህ ማታ ድሮን ማብረር ይፈቀድ እንደሆነና የራሱ መብራት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ ማታ ማብረር ይቻላል። አንተ ሰፈር ግን ቀንም አይሆንም። ከዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት ዙሪያ እስከ 15 ማይል ድረስ፣ ያለ አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማንሳት ክልክል ነው። እናም መጀመሪያ መኪናህን አስነሳና ከዚያ ክልል ውጣ።

ትረስት የሚባለውን፣ ለመዝናኛ የሚያበሩ ሰዎች የሚወስዱትን የደህንነት ፈተና ኢንተርኔት ላይ በነፃ ወስደህ ማረጋገጫውን ስልክህ ላይ ያዝ። ከ400 ጫማ በላይ አትውጣ፣ ከዓይንህም አታርቀው።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ ክንዶቹ ላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ፊቱ ወዴት እንደዞረ ለአንተ ይነግሩሃል። ከሩቅ ለሚመጣ ሄሊኮፕተር ግን ምንም አይደሉም። ድሮን ለሥራ የሚያበሩ ሰዎች ማታ ከ3 ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት መግጠም ግዴታቸው ነው። አንተም ያንኑ ግዛ ባይ ነኝ። ጀርባው ላይ ለጥፈው። እኔ ካሜራው አጠገብ ለጥፌው ቪዲዮዬ በሙሉ የሠርግ ቤት ዲስኮ መስሎ ቀረ!

ክብደቱንም አስብበት። 249 ግራም የነበረው ድሮን መብራት ሲጨመርበት 250ን ያልፋል። ያኔ በ5 ዶላር ማስመዝገብ አለብህ፣ ሪሞት አይዲም (ድሮኑ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሰራጭበት) ይጠየቃል።

ቦታውን ደግሞ በቀን ሄደህ እየው። የመብራት ሽቦ ማታ አይታይም፣ የድሮኑም ካሜራዎች በጨለማ ከእንቅፋት አያድኑህም።