ዲፕሬሽንና ዳናኪል ምን አገናኛቸው?

ወንድሜ፣ «የዳናኪል ዲፕሬሽን ሲባል በረሃው ደብሮታል ማለት ነው?» ያልከው አሳቀኝ። ግን ጥያቄህ ልክ ነው። ዲፕሬሽን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው «ወደ ታች መጫን» ነው። ዳናኪል ከዙሪያው የጎደጎደ ረባዳ ነው፤ ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በ1929 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ የጀመረው «ታላቁ ዲፕሬሽን» ደግሞ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። በአየር ትንበያ ከሰማኸው፣ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበት አካባቢ ማለት ነው።

የሚያሳስተው የሕክምናው ዲፕሬሽን ነው። እኛ «ዛሬ ደብሮኛል» እንላለን፤ ቡና ከጓደኛ ጋር ሲጠጣ ይለቃል። (ሰውም ደባሪ ይባላል እኮ!) ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ ነው። እንቅልፍ ያዛባል፣ የሚወዱትን ነገር ያስጠላል። ስለዚህ በሽታውን ስትተረጉም «ድባቴ» በል፤ «ድብርት» ያቀለዋል።