ቦርሳውን መጨረሻ ላይ ግዢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በታኅሣሥ ከጓደኞችሽ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ ልትሄዱ ነው። ከዲንሾ ተነስታችሁ ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ታድራላችሁ። መርካቶ አንድ ባለ 80 ሊትር የጀርባ ቦርሳ አይተሻል። «ልግዛው ወይ? ደግሞስ ምን ምን ልያዝ?» ነው ያልሽው። ጓደኞችሽ «ትልቅ ቦርሳ ምን ይጎዳል» ብለውሻል።

ይጎዳል። ስለዚህ አሁን አትግዢው። መጀመሪያ የምትይዣቸውን ዕቃዎች በሙሉ ሰብስቢ። ሳሎን መሬት ላይ ዘርግተሽ እያቸው። ቦርሳ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ ቦታ ያለው ቦርሳ ባዶውን አያድርም። የሆነ ነገር ይገባበታል። የገባው ሁሉ ደግሞ ጀርባሽ ላይ ነው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ የካምፒንግ ጉዞዬ ወደ መንዝ ጓሳ ነበር። ከአንድ ዘመድ 75 ሊትር ቦርሳ ተውሼ እስኪጠብ ድረስ ሞላሁት። ሁለት ጂንስ፣ ትርፍ ጫማ፣ ስድስት የቆርቆሮ ቱና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጋቢ። ቦርሳው የወገብ ቀበቶ ነበረው፤ መቆለፊያው ግን ተሰብሯል። ምንም አይደለም ብዬ ተውኩት። ሁለት ሰዓት ሳልሄድ ትከሻዬ በሳት የተለበለበ መሰለኝ። ማታ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከስሬ ያነጠፍኩት ቀጭን ሸራ ብቻ ነበር። ጋቢው በጤዛ ራሰ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ነጋ። ጠዋት አንድ እረኛ በርኖሱን ደርቦ በጎቹን እየነዳ አለፈ። እሱ ምንም አልበረደውም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የደጋ ሰው ብርድ የሚቋቋመው በሱፍ ነው። እኔ የያዝኩት ጥጥ ነው።

ወደ አንቺ ጉዞ ልመለስ። ከቦርሳው በፊት አንድ ጥያቄ መልሺ። ዕቃውን ማን ነው የሚሸከመው? ዲንሾ ላይ አስጎብኚና ፈረስ መከራየት ይቻላል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚሄደው። ፈረስ ከያዛችሁ ትልቁ የጀርባ ቦርሳ ጨርሶ አያስፈልግሽም። እንዲያውም ያስቸግራል። የፈረስ ጭነት በገመድ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። የቦርሳሽ ዘንግ፣ ማንገቻና ዚፕ ገመዱ ውስጥ ገብተው ይቀደዳሉ። ለፈረስ የሚመቸው ለስላሳ፣ ረጅም፣ ምንም የተንጠለጠለ ነገር የሌለው ሻንጣ ነው። እሱም ከጠፋ ንጹህ ጆንያ በቂ ነው። ዕቃሽን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለሽ ጆንያ ውስጥ ክተቺው። ባለፈረሶቹ ራሳቸው የሚወዱት እሱን ነው።

ታዲያ ፈረሱ ካንቺ ጋር እኩል አይሄድም። አንዳንዴ ቀድሞሽ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ጀርባሽ ላይ ከ25 እስከ 30 ሊትር የምትሆን ትንሽ ቦርሳ ትኑርሽ። የዝናብ ልብስ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ውሃ፣ የምትቀምሺው ነገር፣ የራስ ባትሪ። እነዚህ ለፈረስ አይሰጡም። ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ ቆመሽ ጭነት መጠበቅ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

በራሳችሁ ትከሻ ከሆነ የምትሄዱት ግን ነገሩ ይለያል። ለአንድ ሌሊት ለምሳሌ ለመናገሻ ሱባ ጫካ ወይም ለወንጪ ከ35 እስከ 45 ሊትር ይበቃል። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ባሌን ለመሰለ ብርድ ከ50 እስከ 60 ሊትር። ከዚያ አትለፊ። ክብደቱም ከሰውነትሽ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 55 ኪሎ ከሆንሽ ከነውሃው 11 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን አትርሺ።

አሁን ስለ ቦርሳው። ሰው ሁሉ ሊትሩን ነው የሚጠይቀው። ከሊትሩ በፊት የጀርባው ቁመት ይጠየቃል። አንገትሽን ወደ ፊት ስትደፊ ከኋላ ጎላ የሚል አጥንት አለ። ከእሱ እስከ ዳሌ አጥንትሽ አናት ድረስ በልብስ ሰፊ ሜትር ሰው ይለካሽ። ከዚያ ቦርሳው ላይ ማንገቻው ከሚጀምርበት እስከ ወገብ ቀበቶው መሐል ለኪ። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። ቦርሳው ከረዘመ ቀበቶው ወርዶ መቀመጫሽ ላይ ያርፋል። ካጠረ ሆድሽን ያስርሻል። በሁለቱም ሸክሙ ትከሻሽ ላይ ይቀራል። የወገብ ቀበቶ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ዳሌሽ ነው። ትከሻሽ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይዘም መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ለሴት ተብለው የሚሠሩ ቦርሳዎች አሉ፤ ጀርባቸው አጠር፣ ማንገቻቸው ጠበብ ይላል። ካገኘሽ ሞክሪያቸው።

ሳልባጅ ተራን አትናቂ። እኔ እስካሁን የምይዘውን ቦርሳ ያገኘሁት ከዚያ ነው። አዲስ ከሚባለው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ አዲስ ተብሎ ከሱቅ የገዛሁት አንዱ በሁለተኛው ጉዞ ማንገቻው ከስፌቱ ተገንጥሏል። ስትገዢ ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ጎተት አድርጊው። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቺና ዝጊ። ከጀርባው ውስጥ ዘንግ ወይም ጠንካራ ሰሌዳ መኖሩን በእጅሽ ዳብሺ። ውስጡን አሽትቺ፤ የሻገተ ከሸተተሽ ተዪው። ስፌቱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ግን አትፍሪ። ሠፈርሽ ያለ ጫማ ሰፊ በሰም ክር ደርቦ ቢሰፋልሽ ከፋብሪካው ይጠነክራል።

ቤት ስትገቢ 10 ኪሎ ጤፍ ጫኚበትና ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሪ ከሆነ በጣም ጥሩ። አራተኛ ፎቅ ድረስ አምስት ጊዜ ተመላለሺ። የሚያሳክክሽ፣ የሚቆርጥሽ ቦታ እዚያው ይታወቃል። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባሌ ላይ ጉዞሽን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው እንቅልፍሽ ነው። ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ከወጣችሁ ከ4,000 ትሻገራላችሁ። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ሌሊት ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ስትነሺ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ታገኛለሽ።

ስለዚህ ገንዘብሽ ትንሽ ከሆነ ቦርሳው ላይ ቆጥቢ፤ መኝታው ላይ አትቆጥቢ። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ። ሦስት ዓይነት የዲግሪ ቁጥር ሊጻፍበት ይችላል። «ኮምፎርት» የሚለው፣ ተመችቶሽ የምትተኚበት ብርድ፣ ነው ያንቺ። «ኤክስትሪም» የሚለው እንቅልፍ የሚወስድበትን አይናገርም፤ በሕይወት የሚቆዩበትን ነው። ሻጩ ሁልጊዜ የሚያሳይሽ እሱን ነው። ለባሌ ኮምፎርቱ ከዜሮ ዲግሪ አይብለጥ፣ ከተገኘ ደግሞ ከዜሮ በታች 5 ይሁን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ የምታስመጪው ይህን ነው እንጂ ቦርሳ አይደለም። ካልሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከራዩ አሉ። ስትከራዪ ዚፑን ሞክሪ፣ ሙሉውን ዘርግተሽ እዪ።

ከሱ እኩል የሚያስፈልገው ምንጣፉ ነው። ብርዱ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል፤ ከመሬት የሚመጣው ይብሳል። ስሊፒንግ ባጉ ከጎንሽ ስር ተጨፍልቆ ይሳሳል፤ ሙቀት የሚይዘው አየር ይወጣል። ያኔ መሬቱ ሙቀትሽን ይመጠዋል። አያቶቻችን አጎዛ የሚያነጥፉት ለዚህ ነው። ፈረስ ካለ አጎዛ ይዘሽ ብትሄጂ አላማሽም። በትከሻ ከሆነ የፎም ምንጣፍ ያዢ፤ የዮጋ ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ደርበሽ ከሆነ ያስኬዳል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። ከመተኛትሽ በፊት ኮዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በካልሲ ጠቅልለሽ እግርሽ ስር አስቀምጪ። ተራ ሃይላንድ አይሆንም፤ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል። ጠንካራ ኮዳ ይሁን። ጠዋት ውሃው የሚጠጣ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ጂንስ አትያዢ። ከረጠበ አይደርቅም። ከውስጥ ቀጭን፣ ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ልብስ፣ ከመሐል ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ። አንድ ደረቅ ካልሲና አንድ ደረቅ የሌሊት ልብስ በፌስታል ቋጥረሽ አስቀምጪ። ምንም ቢመጣ ቀን እንዳትለብሺያቸው። ጋቢን እወደዋለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚተካው የለም። ተራራ ላይ ግን ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል። ጓንትና ኮፍያ አይረሱ። ለፀሐዩም ባርኔጣና ክሬም ያዢ፤ ከፍታው ላይ ፊት ይላጣል።

ምግብ ላይ እኛ እድለኞች ነን። ውጭ አገር ሰው በውድ የሚገዛውን የጉዞ ምግብ እናቶቻችን ድሮ ጨርሰውታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ጭኮ ደግሞ አለ። የባሌና የአርሲን ጭኮ የሚያህል ስንቅ የለም፤ ገብስና ቅቤ ነው፤ ትንሽ ቆርሰሽ ብዙ መንገድ ትሄጃለሽ። የቆርቆሮ ምግብ ተዪ። ለትኩስ ነገር ሽሮ ያዢ። ምስር ወይም ባቄላ ልቀቅል እንዳትዪ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ግድም ነው የሚፈላው። ይፈላል እንጂ አያበስልም። ጋዝሽ ያልቃል፣ ምስሩ እንዳለ ነው። ለመጠጥ ከሆነ ግን የፈላው ውሃ ጀርሙን ይገድላል። ውሃ የሚያክመውን ውሃ አጋርም ከፋርማሲ ያዢ፤ ቀላል ነው። እንጨት ለማንደድ አስታ እንዳትቆርጡ። ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። ደግሞም ያ ቁጥቋጦ ቶሎ አይተካም።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቦርሳው ውስጥ አንድ ትልቅ ወፍራም ላስቲክ አስገቢ፤ ዕቃው ሁሉ በላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ከላይ የሚለበሰው የዝናብ ሽፋን በነፋስ ይወሰዳል፣ ከጀርባ በኩልም ውሃ ያስገባል። ስሊፒንግ ባጉ ከታች። ከባዱ ነገር፣ ምግብና ምድጃ፣ መሐል ላይ ከጀርባሽ ጋር ተጣብቆ ይቀመጥ። ከባዱን ወደ ውጭ ካደረግሽው ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትትሻል፤ ቁልቁለት ላይ አደገኛ ነው። ልብሱ ክፍተቱን ይሙላ። የዝናብ ልብሱ ከሁሉ በላይ። ከውጭ ምንም አታንጠልጥዪ። ኩባያ እየተንቃጨለ መሄድ ያምራል ብለሽ ከሆነ ቀይ ቀበሮ ሳታዪ ትመለሻለሽ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በብዛት የሚኖረው እዚያ ባሌ ነው።

ድንኳን ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል፤ ካስማውን፣ ዘንጉንና ጨርቁን ተከፋፈሉት። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ተክላችሁ ሞክሩት። ስልክና ፓወር ባንክ ሌሊት ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይደሩ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ሶፍት፣ ክብሪት፣ ፕላስተር፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ቆሻሻችሁን የምትመልሱበት ፌስታል። ከከፍታው የሚመጣው ራስ ምታት ከባሰና ካስመለሰሽ ግን በክኒን ሸፍነሽ ወደ ላይ አትቀጥዪ። ወደ ታች ውረጂ።

ዕቃሽን ዘርግተሽ ከጨረስሽ በኋላ ዝርዝሩን ጻፊልኝ፤ አብረን እንቀንሳለን። ስሊፒንግ ባግ የለኝም እንጂ አንድ ትርፍ የፎም ምንጣፍ አለኝ። እሱን አትግዢ፤ መጥተሽ ውሰጂው።